ልጃችሁ ጫት ካቆመ በኋላ፦ እንዳያገረሽበት ደረጃ በደረጃ ምን ታደርጋላችሁ?

ትምህርት ቤት ውስጥ አማካሪ ሆኜ ስለምሠራ ወላጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያመጡልኛል። «ልጄ ጫት አቁሟል፤ አሁን ምን ላድርግ?» ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልጁ ካቆመ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ መብላት ጀምሯል። ማታ ይተኛል። ቤቱም ትንሽ ሰላም አግኝቷል። እናት ግን አሁንም የበር ኮቴ እያዳመጠች ነው የምታድረው።

ጫቱ ሲቀር ጫቱ ይሠራው የነበረው ሥራ አብሮ አይቀርም። ልጁ ሲናደድ፣ ሲያፍር፣ ሲሰለቸው፣ ፈተና ሲያስፈራው ወደዚያ ነበር የሚሄደው። ስሜቶቹ አሁንም ይመጣሉ፤ መሄጃቸው ነው የተዘጋው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሌላ መሄጃ ለማበጀት ናቸው።

መመሪያው ከ14 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆችና ታላላቆች ነው። ምሳሌዎቼ ከጫት ናቸው፤ የሚበዛው እሱ ስለሆነ። ለሺሻ፣ ለሲጋራ፣ ለጋንጃና ለመጠጥም አብዛኛው ይሠራል። «ልጁ» እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ሴቶች ልጆችም አሉ። ሴት ልጅ ከሆነች ወሬው ሰፈር እንዳይደርስ ብላ ከወንዱ ይበልጥ ትደብቃለች። ምስጢሯ ከእናንተ እንደማይወጣ አስቀድማችሁ ንገሯት። ለአክስቷም ቢሆን አታውሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ መጀመሪያ ሐኪም የሚያስፈልጋቸው

ከሚከተሉት አንዱ ካለ የዚህ መመሪያ ደብተርና እስክሪብቶ አይበቃም።

- በየቀኑ መጠጥ ይጠጣ የነበረና ሲያቆም እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ የሌለ ነገር የሚያይ ወይም ራሱን ስቶ የሚንፈራገጥ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ብዙ የጠጣ ሰው መጠጥን በአንዴ ሲያቆም ለሕይወቱ ሊያሰጋ ይችላል።
- ትራማዶል ወይም ሌላ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያዘወተረ። ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው።
- ማንም ያልተናገረውን ድምፅ የሚሰማ፣ «ሰዎች ይከታተሉኛል» የሚል፣ ለቀናት እንቅልፍ በዓይኑ ያልዞረ።
- መኖር እንደሰለቸው የሚናገር። ጫት ካቆሙ በኋላ ባሉት ቀናት ከባድ ድብርት ሊመጣ ይችላል። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። መድኃኒት፣ የተባይ ማጥፊያና በረኪና ከቤት አውጡ። ከዚያ ይዛችሁት ሂዱ።

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጅማ አካባቢ ካላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን ሆስፒታል «የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ጸበል ወይም ዱአ የምትወስዱት ከሆነ ከዚህ መመሪያ ጋር አይጋጭም። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ
- የመታወቂያ ካርድ የምታህል ወፍራም ወረቀት
- ሰዓት ወይም የስልክ ማንቂያ
- አፍ የሚያስይዝ ነገር፦ ማስቲካ፣ ቆሎ፣ ካሮት (ክፍል ውስጥ ማስቲካ የማይወዱ አስተማሪዎች ስላሉ ለዚያ ሌላ ነገር አዘጋጁ)
- በማንኛውም ሰዓት ስልክ የሚያነሱ ሦስት ሰዎች፣ ቢያንስ አንዱ ከቤተሰብ ውጭ
- በሳምንት አንድ ጊዜ ማንም የማያቋርጣችሁ ግማሽ ሰዓት

ለውዝ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ረስቼው አይደለም። ምክንያቱ ደረጃ 1 ላይ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት መመዝገብ

ልጁ ራሱ ይጻፍ። ሐራራ በመጣበት ቁጥር አምስት ነገር ይመዝግብ፦ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ አብሮት የነበረው ሰው፣ የተሰማው ስሜት፣ ሐራራው ከ10 ስንት እንደሆነ። ረጅም ድርሰት አይደለም። እንዲህ ይበቃል፦

«ቅዳሜ 8፡30። ከኳስ ስመለስ። ከሰፈር ልጆች ጋር። ምሳ አልበላሁም፣ ደክሞኛል። ታክሲ ተራው ጋ ያለችው ጫት ቤት እሽጉን ስትደረድር አየሁ። 7።»

«ማክሰኞ ማታ 3፡00። ቤት። አባዬ ስለ ውጤቴ ሰው ፊት ተናገረኝ። አፈርኩ። 8።»

«እሑድ 9፡00። ቤት፣ ብቻዬን። ጎረቤት እጣን ሲያጨሱ ሸተተኝ። 5።»

ሦስተኛው ብዙ ወላጅ ያስገርማል። በርጫ ላይ፣ ማለትም ተሰብስበው በሚቅሙበት ሰዓት፣ እጣን አለ፣ ለውዝ አለ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ አለ። አእምሮ እነዚህን ከምርቃናው ጋር አስሯቸዋል። ስለዚህ ጫት ሳይታይ ሐራራው ይነሣል። ቤታችሁ ቡና ማፍላት አቁሙ አልልም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት እጣኑን ብታስቀሩት ወይም ልጁ በዚያ ሰዓት ውጭ ቢሆን ይቀለዋል።

ለምን ይጠቅማል? ከሳምንት በኋላ ደብተሩ ሲገለጥ አንድ ነገር ተደጋግሞ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ አንድ መንገድና አንድ ሁለት ሰው ነው። ቀን ሙሉ ልጅ መጠበቅ አትችሉም። ሁለት ሰዓት መዘጋጀት ግን ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ደብተሩ የልጁ ነው። ተደብቃችሁ አታንብቡት። አንዴ ካነበባችሁት ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ለእናንተ ዓይን ብቻ ይሆናል፤ እውነቱን አታገኙትም።

ደረጃ 2፦ ስሜቱን ለይቶ መጥራት

«ምን ሆንክ?» ስትሉት መልሱ «ደብሮኛል» ነው። በውስጡ ግን ንዴት ሊሆን ይችላል፣ ሐፍረት ሊሆን ይችላል፣ ብቸኝነት ወይም ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ዝም ብሎ መሰልቸትም ሊሆን ይችላል። መለየቱ የሚያስፈልገው የእያንዳንዱ መፍትሔ የተለያየ ስለሆነ ነው።

የተናደደ ልጅ ከቦታው ዞር ማለትና ሰውነቱን ማንቀሳቀስ ይፈልጋል። ያፈረ ልጅ ለአንድ የሚያምነው ሰው ሲናገረው ይቀለዋል፤ ብቻውን ከተተወ ይብስበታል። የፈራ ልጅ የፈራውን ነገር ቆራርሶ ከትንሿ መጀመር አለበት። የሰለቸው ልጅ ደግሞ ምክር አይፈልግም፤ የሚሠራው ነገር ስጡት።

አሠራሩ፦ ማታ ከመኝታ በፊት ሁለት ደቂቃ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሙላ።

1. ዛሬ ጎልቶ የተሰማኝ ስሜት … ነው።
2. ሰውነቴ ላይ የተሰማኝ … ላይ ነው። (ደረት ይጠባል፣ መንጋጋ ይጠብቃል፣ ሆድ ይላወሳል፣ እጅ ይቁነጠነጣል።)
3. የቀሰቀሰው … ነው።

ሁለተኛዋን አትዝለሉ። ሰውነት ከአፍ ቀድሞ ይናገራል። መንጋጋው መጥበቁን ያስተዋለ ልጅ ንዴቱ ከመገንፈሉ በፊት ጥቂት ደቂቃ ያገኛል። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ናት የምትፈለገው።

እናንተም ተናገሩ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ልጅ ስሜቱን ድንገት አያወራም። መጀመሪያ ከእናንተ ይስማ። «ዛሬ መሥሪያ ቤት አለቃዬ ሰው ፊት ተናገረኝ። አፈርኩ። እስካሁን ሆዴን እየበላኝ ነው።» ይበቃል። ወደ ምክር አታዙሩት። «አንተም እንዲህ ብታደርግ» የምትለዋ ነገር ከመጣች ወሬው አለቀ።

ደረጃ 3፦ አራት ነገር መፈተሽ

ሐራራ ሲመጣ ልጁ መጀመሪያ ራሱን አራት ነገር ይጠይቅ፦ ርቦኛል? ተናድጃለሁ? ብቻዬን ነኝ? ደክሞኛል?

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። የቃመ ልጅ ረሃብን በሆዱ መስማት ረስቷል። ስለዚህ ሲርበው «ረሃብ ነው» አይልም፤ ይቁነጠነጣል፣ ይነጫነጫል፣ «የሆነ ነገር ጎደለኝ» ይላል። ምሳ ያልበላ ልጅ 8 ሰዓት ላይ የሚሰማውን ሐራራ ግማሹን አንድ እንጀራ በሽሮ ሊያወርደው ይችላል። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምሳ በሰዓቱ እንዲሆን አጥብቄ የምናገረው።

ደረጃ 4፦ ሐራራን 20 ደቂቃ ማሳለፍ

ይህን በደንብ አሠልጥኑት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር።

ሐራራ እንደ ሐምሌ ዶፍ ነው። ሲመጣ የሚያባራ አይመስልም፤ ግን ያባራል። ካልመገቡት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል። ልጁ ይህን በጆሮው መስማቱ አይበቃም። አንዴ ራሱ ሰዓት ይዞ ማየት አለበት።

1. ከቦታው ይነሣ። ተቀምጦ ከሆነ ይቁም፤ ክፍል ውስጥ ከሆነ ይውጣ።
2. ማንቂያውን 20 ደቂቃ ላይ ይሙላ። ለራሱ የሚገባው ቃል «ከአሁን በኋላ በሕይወቴ አልቅምም» አይደለም። «እስከሚጮህ አልወስንም» ነው። 20 ደቂቃ ማንም ይችላል።
3. ሐራራውን ከ10 ስንት እንደሆነ ይጻፍ።
4. ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ውኃ ይጠጣ።
5. አየር በአፍንጫው ወደ ውስጥ ይሳብ፣ በልቡ እስከ 4 ይቁጠር። በአፉ ቀስ ብሎ ያስወጣ፣ እስከ 6 ይቁጠር። አሥር ጊዜ። አወጣጡ ከአሳሳቡ መርዘም አለበት፤ የልብ ምትን የሚያረጋጋው እሱ ነው።
6. እጁንና እግሩን የሚያስይዝ ነገር ይሥራ፦ ጫማ ማጠብ፣ ፑሽ አፕ፣ ውኃ መቅዳት፣ ፈጠን ብሎ መራመድ። ስልክ ላይ መንሸራሸር አይቆጠርም። የጀለሶቹ የበርጫ ፎቶ እዚያው ነው ያለው።
7. ማንቂያው ሲጮህ እንደገና ቁጥሩን ይጻፍ።

8 የነበረው 4 ሆኖ ሲያየው በራሱ እጅ የተጻፈ ማስረጃ አገኘ። ካልወረደ ከሦስቱ ሰዎች ለአንዱ ይደውል። መጀመሪያ የሚለውን ዓረፍተ ነገር አሁኑኑ አዘጋጁለት፤ በሐራራ ሰዓት ቃል ይጠፋል። «ሐራራ ይዞኛል፣ ዝም ብለህ ዐሥር ደቂቃ አውራኝ» ጥሩ ነው። የሚደወልለትም ሰው እንዳይገሥጽ አስቀድማችሁ ንገሩት።

የተለመደ ስህተት፦ ይህን መጀመሪያ የሚሞክሩት ሐራራው 9 ሲሆን ነው። ልምምዱ ልጁ ደህና በሆነበት ሰዓት ይጀመር። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ አንዴ፣ ምንም ሳይሰማው፣ አተነፋፈሱን ይለማመድ።

ደረጃ 5፦ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሣ

ከጭቅጭቅ ቀጥሎ በር ደብድቦ መውጣት፣ ከዚያ ቀጥሎ በርጫ። ብዙ ቤት መንገዱ ይህ ነው። ጭቅጭቅን ማጥፋት አትችሉም፤ ከበሩ መለስ ማድረግ ግን ይቻላል።

ሰላም በሆናችሁበት ቀን አንድ ቃል ተስማሙ። «እረፍት» ሊሆን ይችላል። ማንም ሰው፣ ልጁም አባትየውም፣ ይህን ቃል ሲል ንግግሩ እዚያው ይቆማል። ልጁ ወደ ክፍሉ ወይም ወደ ግቢ ይሄዳል፤ ከቤት አይወጣም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጉዳዩ እንደገና ይነሣል። ይህ የመጨረሻው ካልተጠበቀ ቃሉ ማምለጫ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ማንም አይቀበለውም።

በጦፈ ሰዓት «አንተ ሱሰኛ» የምትለዋን ቃል ከቤት አውጧት። ልጁ ያቆመውን ነገር መልሳችሁ ስሙ አታድርጉበት።

ደረጃ 6፦ «እምቢ» ማለትን ጮክ ብሎ መለማመድ

በሐሳብ አይሆንም። በአፍ ነው። አንዳችሁ ጓደኛውን ሁኑና ተጫወቱት። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ የተሻለ ነው፤ የጀለሶቹን አነጋገር ያውቁበታል።

— ና እንጂ፣ አንድ ቀንማ ምን ያደርጋል?
— አልቅምም። ኳስ እንሂድ?
— ዛሬ እኔ ነኝ የምጋብዘው ባክህ።
— አመሰግናለሁ፣ አልቅምም።
— ኧረ ለጥናት ብቻ፣ ነገ ፈተና አይደል?
— አልቅምም አልኩህ ወንድሜ። ቻው።

ልብ በሉ፤ ምክንያት አልሰጠም። «እናቴ ትቆጣለች» ካለ ጓደኛው «አታውቅም» ይላል። «ሆዴን ያመኛል» ካለ «እሱ ጫት ለስላሳ ነው» ይላል። ለምክንያት ሁሉ መልስ አላቸው። ለ«አልቅምም» ግን መልስ የለም። ሁለት ጊዜ ይበል፤ በሦስተኛው እግሩ ይንቀሳቀስ።

አምስት ስድስት ጊዜ ስትደጋግሙት መጀመሪያ ይስቃል። ይሳቅ።

ስለ ጨብሲም፣ ማለትም ከጫት በኋላ ስለሚጠጣው መጠጥ፣ በዚሁ ተነጋገሩ። ምርቃናን ለመስበር መጠጥ የለመደ ልጅ ጫቱን ትቶ መጠጡን ችግር ላያደርገው ይችላል። ከሁለት ቢራ በኋላ ግን ደረጃ 4ም ደረጃ 6ም የሚያስታውስ የለም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥም ሲጋራም መሸጥ ክልክል ነው። የሰፈራችሁን ግሮሰሪ ባለቤት በሰላም አነጋግሩት። ብዙዎቹ ልጁን ስለሚያውቁት ይተባበራሉ።

ደረጃ 7፦ ባዶውን ከሰዓት መሙላትና ገንዘቡን ማስተካከል

በርጫ ከጫት በላይ ነው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ፣ ወሬ ያለበት፣ ልጁ የሚፈለግበት ቦታ ነው። አራት ሰዓት ተነሥቶ ባዶ ከቀረ ያ ባዶ ይጎትተዋል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ለተገኙት ሰዓታት ብቻ፣ ሰው ያለበት ነገር ፈልጉ። የሰፈር ኳስ ቡድን፣ ጂም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ፣ አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ቀን ሥራ። ብቻውን የሚሠራው ነገር ለዚህ አይበቃም።

መንገዱንም ቀይሩ። ጫት ቤቷ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ አንድ ቀድሞ መውረድ ቀላል ነገር ይመስላል። በየቀኑ አንድ ፈተና ግን ይቀንሳል። ራሱን ለመፈተን ሆን ብሎ በዚያ የሚያልፍ ልጅ አለ። ጀግንነት መስሎት ነው። አትፍቀዱለት።

ገንዘብ በየቀኑ፣ ለታክሲና ለምሳ የሚሆነውን ብቻ ስጡ። የወር ወይም የሳምንት በአንዴ አትስጡ። የማስጠኛ ክፍያና የመሳሰለውን በቀጥታ ለሚመለከተው በቴሌብር ክፈሉ። ይህን ስታደርጉ ለልጁ ንገሩት፦ «አላምንህም ለማለት አይደለም፤ ኪስህ ከባድ ሲሆን ሐራራውም ይከብዳል። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና እናየዋለን።» ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ማብቂያ የሌለው ቁጥጥር ልጁን ውሸት ያስተምረዋል።

ደረጃ 8፦ እንቅልፍ፣ ዱካክና ጥናት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ይተኛል፣ ብዙ ይበላል፣ ያኮርፋል። ስንፍና አይደለም፤ ሰውነቱ ዕዳ እየከፈለ ነው። ማታ ደግሞ ዱካክ ይመጣበታል። የሚያስፈራ ሕልም፣ አንድ ነገር ደረቱ ላይ እንደተጫነው መሰማት፣ እየጮኹ መንቃት። አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት «ጫቱ ካልሆነ አልድንም» ብሎ ይመለሳል። ዱካክ ጫት ያቆመ ሰው ላይ የሚታወቅ ነገር እንደሆነ፣ እየቀነሰ እንደሚሄድ ንገሩት። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ወንድሙ አብሮት ቢተኛ አይከፋም። ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርበት።

ጥናትን በተመለከተ የምሰማው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ካልቃምኩ አይገባኝም።» ምርቃና የገባው ያስመስለዋል። ሌሊቱን ሳይተኛ ያነበበው ግን አይቀመጥም፤ የተነበበው ነገር ሥር የሚይዘው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። በምትኩ ይህን ይሞክር፦ 25 ደቂቃ ማንበብ፣ 5 ደቂቃ መነሣትና መንቀሳቀስ። በየሁለተኛው ዙር መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን ከራሱ ይጻፍ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ያቁም። መጀመሪያ ላይ 25 ደቂቃም ይረዝምበታል። በ10 ይጀምር።

ደረጃ 9፦ ቢንሸራተትስ?

ይህን ገጽ አሁኑኑ፣ ሳይንሸራተት፣ አብራችሁ ጻፉት። «ይህማ ፈቃድ መስጠት ነው» የሚሉኝ አባቶች አሉ። አይደለም። አንድ ቀን የቃመ ልጅን ወደ ወር የሚወስደው ብዙ ጊዜ ያ አንድ ቀን ሳይሆን «በቃ፣ ያው ተበላሽቷል» የምትለው ሐሳብ ናት። አንድ ቀን መንሸራተትና ሙሉ በሙሉ ማገርሸት አንድ እንዳልሆኑ ካወቀ መቆሚያ ያገኛል።

የመጀመሪያው 24 ሰዓት፦

1. ቀሪውን ይጣል። ለነገ አይቀመጥ።
2. ለአንድ ሰው በዚያው ቀን ይናገር።
3. ይብላ፣ ይታጠብ፣ እንቅልፍ ባይመጣም ይጋደም። ጨብሲ የለም።
4. በማግሥቱ እንጂ በዚያው ማታ አትመርምሩት።
5. በማግሥቱ ወደ ኋላ ይቁጠር። ከመቃሙ በፊት የት ነበር? ከዚያስ በፊት? ብዙ ጊዜ ጅማሬው «ቻርጀር ልዋስ ብዬ እሱ ቤት ገባሁ» የምትል ምንም የማትመስል ውሳኔ ሆና ትገኛለች። ዕቅዱ የሚታረመው እዚያ ላይ ነው።

እናንተ የምትሉት ደግሞ ይህን ያህል ነው፦

— እማዬ፣ ትናንት ቀምቻለሁ።
— ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ ልጄ። በልተሃል?

ሌላው ለነገ ይቆይ። እውነት የተናገረ ቀን የተቀጣ ልጅ ሁለተኛ እውነት አይናገርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ነገሩ ትራማዶል ወይም መጠጥ ከሆነ ካቆመ በኋላ ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም። የድሮውን ያህል መውሰድ ሊገድል ይችላል። ይህን ልጁ በግልጽ ማወቅ አለበት። የማይነቃ ከሆነ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ካንቀጠቀጠው ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ።

ደረጃ 10፦ የእሑድ ግማሽ ሰዓት

በሳምንት አንዴ ልጁ ከደብተሩ የፈለገውን ያነባል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የትኛው ሰዓት ከበደህ? ምን ሠራልህ? በሚቀጥለው ሳምንት ምን ያሰጋሃል? ሠርግ፣ በዓል፣ የውጤት ቀን፣ የሰፈር ልቅሶ ካለ ለዚያ ቀን ከማን ጋር እንደሚሄድና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ወስኑ። ጥሩ የሠራውን በስሙ ጥቀሱለት። «ጎበዝ» ብቻ አይደለም፤ «ማክሰኞ ተናደህ ግቢ ወጥተህ ተመልሰሃል፤ አይቻለሁ» በሉት። ለሦስት ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ። «አሁንማ ድኗል» ተብሎ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚያገረሽበት ጊዜ ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

- ገጠር አያቱ ጋ መላክ። እዚያ ሳለ ደህና ይሆናል። ሲመለስ ግን መንገዱም፣ ጓደኞቹም፣ ቅዳሜ ከሰዓትም እንዳሉ ይጠብቁታል፤ ምንም አልተለማመደም።
- መዝጋትና መምታት። ፍርሃት ለጊዜው ያቆማል። ፍርሃትን ማስታገሻ የሚያውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።
- በየቀኑ ኪስ መፈተሽና አፍ ማሽተት። ለመደበቅ ጎበዝ ታደርጉታላችሁ።
- ታቦት ፊት ወይም ቁርዓን አስይዞ ማስማል። ቢንሸራተት ሐፍረቱ እጥፍ ይሆናል፤ ያፈረ ልጅ ደግሞ ይደበቃል።
- ሁሉንም በአንድ ሳምንት መጀመር። በደረጃ 1 እና 4 ጀምሩ። ሌላው በየሳምንቱ አንድ አንድ እያለ ይግባ።

12ኛ ክፍል ለሆነ ልጅ ተጨማሪ

ብሔራዊ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የሚፈተን ከሆነ ለብቻው ተዘጋጁ። ከቤት ውጭ ያድራል፣ ጭንቀቱ ከፍተኛ ነው፣ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል ለሦስቱ ሰዎች መደወል አይችልም። ከመሄዱ በፊት አብሮት ከሚሄዱት የማይቅም አንድ ጓደኛ ይምረጥና ይንገረው፤ እራትም አልጋም አጠገብ ለአጠገብ ይሁኑ። ያዘጋጃችኋት ወፍራም ወረቀት ሥራዋ እዚህ ነው። በአንድ በኩል አራቱን ጥያቄዎች፣ በሌላው በኩል የ20 ደቂቃውን ቅደም ተከተል በራሱ እጅ ይጻፍባት። የፈተና ክፍል ውስጥ ወረቀት ይዞ እንዳይገባ አስጠንቅቁት፤ ማደሪያው ውስጥ ሻንጣው ላይ ትቀመጥ። የመጨረሻው ፈተና ያለቀበት ምሽት ከሁሉም ያሰጋል፤ «ጨረስን» ተብሎ የሚከበርበት ሰዓት ነው። ግቢውን ሲለቅ ማን እንደሚቀበለው፣ የት እንደሚጠብቀውና ምን እንደሚበሉ ከመሄዱ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ።